ብርሃን በአስተርጓሚ፦ ስለ ጃፓን የተጻፉ ሁለት መጻሕፍትና ያልተማርነው ቋንቋ

አንድ ሕዝብ ሌላውን ሕዝብ የሚያውቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በራሱ ጆሮ ሰምቶ፣ በራሱ ዓይን አንብቦ ነው። ሁለተኛው በአስተርጓሚ አፍ ነው። የመጀመሪያው ረጅምና አድካሚ ነው፤ ዓመታት ይወስዳል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለተኛው አጭርና ምቹ ነው። ሆኖም አስተርጓሚ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን የተጠየቀውን እንጂ ያልተጠየቀውን አይተረጉምም። ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ የሚያውቀው ደግሞ ቋንቋውን የተማረ ሰው ነው። ይህ አጭር ሂስ የሚመረምረው በሁለተኛው መንገድ ተጉዘው ታላቅ ሥራ የሠሩ ሁለት ደራስያንን ነው፤ መንገዱ ያሳያቸውንና የሸሸገባቸውንም አብሮ ለመመዘን ይሞክራል።

ሁለቱም ደራስያን የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1871 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል በቆመችው በመርሐቤቴ ነው። ከበደ ሚካኤል የተወለዱት በመንዝ ነው። ቀድሞ የመንዝና ግሼ፣ የመርሐቤቴም አውራጃዎች ይባሉ ከነበሩት ከእነዚህ ደጋዎች፣ በርኖስና ባና ከሚሠራባቸው፣ ገብስ ከሚበላባቸው ብርዳማ ቀበሌዎች የወጡ ሁለት ሰዎች፣ በሃያ ሁለት ዓመት ልዩነት ስለ አንዲት ሩቅ የእስያ አገር ሁለት የአማርኛ መጻሕፍት አበረከቱልን። የኅሩይ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በ1924 ዓ.ም.፣ የከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በ1946 ዓ.ም. ታተሙ። በሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ውስጥ ጃፓን ያላት ሥፍራ በአመዛኙ በእነዚህ ሁለት መጻሕፍት ላይ የቆመ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

የመርሐቤቴው መንገደኛ

የኅሩይን መጽሐፍ ለመረዳት የተጻፈበትን ጊዜ መረዳት ያስፈልጋል። በኅዳር 1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተዘጋጀ ነበር። ያዘጋጁትም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከዚያም ቀደም ብሎ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በታተመው ሥራቸው ጃፓንን ለኢትዮጵያ ምሳሌ አድርገው አቅርበዋት ነበር። በመሆኑም ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ወደ ጃፓን ሲጓዙ ባዶ ልብ ይዘው አልሄዱም። ጃፓን በተማረው ክፍል ሐሳብ ውስጥ አስቀድማ ተስላ ነበር። መንገደኛው ሊያይ የሄደው በልቡ የያዘውን ሥዕል ነበር ማለት ይቻላል።

የመጽሐፉ ጥንካሬ በቋንቋው ነው። ኅሩይ የቤተ ክህነት ትምህርት ያነጻቸው ጸሐፊ ናቸው፤ ሆኖም ትምህርታቸውን በአንባቢው ጫንቃ ላይ አይጭኑም። ዓረፍተ ነገራቸው አጭር፣ አካሄዳቸው ጭውውት የመሰለ ነው። ባሕር ተሻግሮ የማያውቅ አንባቢ መርከቡን፣ ወደቡን፣ ፋብሪካውን፣ ትምህርት ቤቱን አብሯቸው ያያል። የጉዞ ሥነ ጽሑፍ በአማርኛ ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን እንዲህ ያለ ግልጽነት ቀላል ስጦታ አይደለም። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ወደ አውሮፓ ብቻ ያዘመመውን የአንባቢ ዓይን ወደ እስያ መልሶታል። ሥልጣኔ ማለት የአውሮፓውያን ርስት ብቻ ነው በሚባልበት ጊዜ፣ «የለም፤ ሌላም መንገድ አለ» ብሎ ማሳየት ራሱን የቻለ የኅሊና ትግል ነበር።

ድክመቱም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። ኅሩይ በጃፓን የፈለጉት መመሳሰልን ነው። ሁለቱም አገሮች ጥንታዊ ናቸው፤ ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ ሳይቋረጥ ወርዷል በሚባል የዘውድ ሐረግ ይመካሉ፤ ሁለቱም ነጻነታቸውን ጠብቀዋል። መመሳሰልን የሚፈልግ ሰው መመሳሰልን ያገኛል። በእንግድነት የተቀበሏቸው ሰዎች ያሳዩዋቸውን አይተዋል፣ የነገሯቸውን ሰምተዋል። ጃፓንኛ ግን አያውቁም ነበር። ኅሩይ ለጉዞ በሚሰናዱበት በመስከረም 1924 ዓ.ም. የጃፓን ጦር በሙክደን የባቡር ሐዲድ ላይ የደረሰውን ፍንዳታ ሰበብ አድርጎ የቻይናን ማንቹሪያ መያዝ ጀምሮ ነበር። ኅሩይ የብርሃን ማደሪያ ብለው የሰየሟት አገር በዚያው ሰሞን ለጎረቤቷ ጨለማ ይዛ መጥታ ነበር። የአገሩን ጋዜጣ በገዛ ፊደሉ ለሚያነብብ ሰው ይህ ነገር በግብዣው ማግሥት ሌላ ትርጉም በሰጠው ነበር።

በዚህ ረገድ አንድ ጥቃቅን የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ የሚናገር ማስረጃ አለ። የኅሩይ መጽሐፍ በጃፓንኛ ተተርጉሞ በ1934 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ሲታተም የተሰጠው ርዕስ «ዳይ ኒሆን» የሚል ነው፤ ትርጉሙ ታላቋ ጃፓን ማለት ነው። ማኅደረ ብርሃን ታላቋ ጃፓን ሆነች፤ ብርሃኑ ቀርቶ ታላቅነቱ ቆመ። የኅሩይ ርዕስ ትሕትና ያለበት የእንግዳ ምስጋና ነው። የጃፓንኛው ርዕስ የወታደራዊው ዘመን ድምፅ ነው። በአንድ ርዕስ ለውጥ ውስጥ የሁለት አገር ዓላማ ተለያይቶ ይታያል። የሚያሳዝነው ይህን ልዩነት በጊዜው አንብቦ የሚያስጠነቅቅ አንድም የእኛ የጃፓንኛ ምሁር አለመኖሩ ነው።

ኅሩይ ከጃፓን በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1925 ዓ.ም.፣ «ሐዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። የታሪኩ ጀግና ዐወቀ የተጉለት ልጅ ነው፤ ባሕር ማዶ ሄዶ ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ከወገኖቹ ልማድም ጋር ይጋጫል። ዐወቀ የተማረው ግን በፓሪስ ነው። ጃፓንን ያን ያህል ያደነቁት ደራሲ የፈጠሩትን ተማሪ ወደ ጃፓን አልላኩትም። ይህን እንደ ግል ጉድለት መቁጠር አይገባም፤ የዘመኑ ነባራዊ ሁኔታ ነው። ጃፓን ለአድናቆት ቅርብ፣ ለትምህርት ግን ሩቅ ነበረች። የምናደንቀው እስያን፣ የምንማረው አውሮፓን ሆነ። ይህ ቅራኔ ዛሬም አልተፈታም።

የመንዙ መምህር

ከበደ ሚካኤል በጃፓን ላይ የጻፉት ዓለም ከተገለባበጠ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ተወርራ ነጻ ወጥታለች፤ ጃፓን ሁለት ከተሞቿ በአቶሚክ ቦምብ ነድደው ተሸንፋለች። ኅሩይም በስደት ላይ እንዳሉ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐርፈዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። ኅሩይ «ጃፓን ምን ትመስላለች?» ብለው ነበር የጠየቁት። ከበደ ሚካኤል «እንደምን?» አሉ። ከሥዕል ወደ ምክንያት መሸጋገራቸው በአማርኛ የታሪክ አጻጻፍ አንድ እርምጃ ነው።

ደራሲው ባለቅኔ ናቸውና ዝርው ጽሑፋቸውም ምት አለው። ክርክሩን በምሳሌ፣ ምሳሌውን በክርክር እያዋዙ ይሄዳሉ። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው መልሳቸው ትምህርት ነው። ሁለቱም አገሮች ለረጅም ዘመን በራቸውን ዘግተው ኖረዋል፤ አንዷ በሯ ሲከፈት ወደ ትምህርት ሮጠች፣ ሌላዋ ዘገየች። ይህ ንጽጽር ለብዙ የመምህራን ትውልድ የመቀስቀሻ ደወል ሆኖ አገልግሏል። ደወሉ ዛሬም ሊደወል ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሐያሲ የሚያመሰግነውን ሁሉ መርምሮ ማመስገን አለበት። ትምህርት ብቻውን አገር አያሠለጥንም፤ የትምህርቱ ወጪ ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወጣል። በጃፓን ይህ ትከሻ የገበሬው ነበር። ከ1868 እ.ኤ.አ. የሜጂ ለውጥ በኋላ በ1873 እ.ኤ.አ. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ገበሬው ከመሬቱ ዋጋ በመቶ ሦስት እጅ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍል አዘዘ። በብዙ ሥፍራ ገበሬው ዐመፀ። በሐር መፍተያ ፋብሪካዎች ከድኻ ገበሬ ቤት የመጡ ልጃገረዶች ከንጋት እስከ ምሽት ይሠሩ ነበር። የዚያው ሥልጣኔ ሌላው ገጽ ደግሞ በ1895 እ.ኤ.አ. ታይዋንን፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ኮሪያን በቅኝ ግዛት መያዝ ነው። የመንዝ ገበሬ ልጅ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች?» ብሎ ሲጠይቅ ሊነገረው የሚገባው መልስ እነዚህንም ይጨምራል። ምክንያቱም የገበሬው ጥያቄ የእርሱም ጥያቄ ነው።

ከበደ ሚካኤል ፈረንሳይኛን አጥርተው የሚያውቁ ሊቅ ነበሩ፤ ጃፓንኛ ግን የሚያውቁት ቋንቋ አልነበረም። ይህ ማለት ጃፓን ወደ አማርኛ የገባችው በአውሮፓ በር በኩል ነው ማለት ነው። በአውሮፓ በር የሚገባ እንግዳ የአውሮፓን ልብስ ለብሶ ይገባል። በዚያ በር የምትታየው ጃፓን አብዛኛውን ጊዜ የንጉሠ ነገሥት፣ የሚኒስትርና የመርከብ አዛዥ ጃፓን ናት፤ የገበሬውና የሐር ፈታይዋ ድምፅ የሚሰማው በራሳቸው ቋንቋ ነው።

የ1929 ዓ.ም. ፈተና

የሁለቱን መጻሕፍት ዕዳ በግልጽ የሚያሳይ አንድ የታሪክ ፈተና አለ። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በአገራችን ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ጃፓን አቅንቶ ነበር። በጃፓንም ሕዝብ መካከል ለኢትዮጵያ እውነተኛ ርኅራኄ ነበረ። የጃፓን አቡጀዲ በዚያን ዘመን የኢትዮጵያን ገበያ አጥለቅልቆት ነበር፤ ወዳጅነቱ በገበያም በልብም ያለ መሰለ። ይሁን እንጂ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ የጃፓን መንግሥት በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላነት ዝቅ በማድረግ የኢጣልያን ወረራ በተግባር ተቀበለ። ልዋጩም ኢጣልያ በማንቹሪያ ለጃፓን የምትሰጠው ድጋፍ ነበር። ሁለት ወራሪዎች የዘረፉትን እርስ በርሳቸው አጸደቁ።

በአንጻሩ ያን ወረራ እስከ መጨረሻው ሕጋዊ ነው ብለው ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ቻይና ነበረች። ቻይና ራሷ በጃፓን ጦር እየተወጋች ነበርና የእኛን ቁስል ከራሷ ቁስል ታውቀው ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። መጽሐፍ የጻፍንላት አገር ከደችን። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ያልጻፍንላት አገር ግን አልከዳችንም። ይህ የኅሩይ ጥፋት አይደለም፤ የከበደ ሚካኤልም አይደለም። አንድ ሕዝብ ሩቅ ያሉትን አገሮች በአድናቆት ብቻ ሲያውቃቸው የሚገጥመው ነገር ነው። አድናቆት ዕውቀት አይደለም። ዕውቀት የቋንቋ፣ የታሪክና የባህል ጥናት ውጤት ነው፤ ቤቱም ዩኒቨርሲቲ ነው።

ቋንቋው ምን ያስተምራል?

«ቻይንኛና ጃፓንኛ ለእኛ የማይቻሉ ናቸው» የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። አስተያየቱ ሳይመረመር መተላለፍ የለበትም። ጃፓንኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሚያስበው በላይ ቅርብ ነው። «እኔ መጽሐፍ አነበብኩ» ስንል ግሥ በመጨረሻ ይቆማል። ጃፓናዊውም «ዋታሺ ዋ ሆን ኦ ዮሚማሺታ» ሲል አሰላለፉ ይኸው ነው፦ እኔ፣ መጽሐፍ፣ አነበብኩ። «ትናንት ያነበብኩት መጽሐፍ» የምንለው ሐረግ በጃፓንኛም «ትናንት ያነበብኩት» የሚለውን አስቀድሞ «መጽሐፍ»ን ያስከትላል። አውሮፓዊ ተማሪ ዓመት ሙሉ የሚታገልበት ይህ አገነባብ ለእኛ ተማሪ የእናቱ ቋንቋ አካሄድ ነው።

ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ። በአማርኛ «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን ኖረ፣ ተገኘ ማለት ነው። በጃፓንኛም «ኪቴ» ሲላላ ከመምጣት ግሥ የወጣ ቃል ነው፤ ሲጠብቅ ቴምብር ማለት ይሆናል። የመንዝ እረኛ ይህን ልዩነት ለመስማት መምህር አያሻውም። ፊደሉንም ብንመለከት የጃፓን ሁለቱ የቃና ፊደሎች እያንዳንዳቸው አርባ ስድስት መሠረታዊ ምልክቶች አሏቸው፤ አብዛኛው ምልክት እንደ ግዕዝ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ተብሎ የሚቆጠረውን ረድፍ የእኛ ፊደል ያለ አንዳች ችግር ይጽፈዋል። ልዩነቱ የእኛ ፊደል አንዱን መልክ በቅጥያ እያለዋወጠ ሲሄድ የእነርሱ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሌላ መልክ መስጠቱ ነው። አክብሮትም የሁለታችን ጠባይ ነው። እኛ «በላህ» እና «በሉ» እያልን ግሡን በቅጥያ ስናከብር እነርሱ ለተከበረ ሰው ብዙ ጊዜ ግሡን ራሱን ይለውጡታል።

አስቸጋሪው የቻይና ምልክት ነው። ጃፓን ብቻ ለዕለት ተዕለት ንባብ ያስፈልጋሉ ብላ የደነገገቻቸው ምልክቶች 2136 ናቸው። ነገር ግን ከችግሩ ጋር ሀብቱም አለ። «ኒሆን» የሚለው የአገሪቱ ስም በሁለት ምልክቶች ይጻፋል፤ አንደኛው ፀሐይ፣ ሁለተኛው መነሻ ማለት ነው። ይኸው «መነሻ» የሚለው ምልክት ለብቻው ሲቆም መጽሐፍ ማለትም ይሆናል። ኅሩይ ለመጽሐፋቸው «ማኅደረ ብርሃን» የሚል ስም ሲያወጡ ከዚህ የፀሐይ መነሻ ከሚለው ፍች ጋር ምን ያህል እንደተቀራረቡ የሚረዳው ምልክቱን ያነበበ ሰው ነው።

በቻይንኛ በኩል ፈተናው ድምፀ ልሳን ነው። «ማ» የሚለው አንድ ቃል በአራት የተለያየ ዜማ ሲነገር እናት፣ ቃጫ ተክል፣ ፈረስ ወይም መስደብ ማለት ይሆናል። የአማርኛ ጆሮ ይህን አልለመደም። የኢትዮጵያ ጆሮ ግን ለምዶታል፤ የቤንች ቋንቋ ተናጋሪ ወገናችን ቃልን ከቃል በድምፅ ከፍታ የሚለይ ነውና። ይህም የሚያሳየው የውጭ ቋንቋ ትምህርት የገዛ አገራችንን ቋንቋዎች ሀብት እንድናውቅ የሚያስገድደን መሆኑን ነው።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ብንገባ ንጽጽሩ የበለጠ ይጠልቃል። የቅኔ ተማሪ ኅብረ ቃልን ያውቃል፤ አንድ ቃል ሁለት ፍች ይዞ ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል። በጥንታዊው የጃፓን ግጥም «ካኬኮቶባ» የሚባል ጥበብ አለ። ለምሳሌ «ማትሱ» ማለት ጥድን የመሰለው የዛፍ ዓይነት ነው፤ መጠበቅም ማለት ነው። ባለቅኔው በተራራ ላይ ስለ ቆመው ዛፍ ሲናገር ወዳጁን ስለሚጠብቅ ልብ ይናገራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጥበቦች አንድ አይደሉም። በእኛ ቅኔ ሰሙ ሽፋን ነው፣ ወርቁ ዓላማ ነው፤ አድማጩ ቆፍሮ ማውጣት አለበት። በካኬኮቶባ ሁለቱ ፍቾች እኩል ቆመው ቃሉ እንደ ማጠፊያ ያገለግላል፤ የፊተኛውን ሐረግ ዘግቶ የኋለኛውን ይከፍታል። አንዱ የመሸሸግ፣ ሌላው የማጋጠም ጥበብ ነው። ኅሩይ የፈለጉት መመሳሰል እዚህ አለ፤ ነገር ግን ትርጉም ያገኘው ከልዩነቱ ጋር ሲቀርብ ነው።

የአካባቢ ባህል ጥናትም እንዲሁ ወደ ቤታችን ይመልሰናል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ለዘመናት በጋራ ሕግ እየከለለ፣ የሚታጨድበትንና የሚጋጥበትን ጊዜ እየወሰነ ጠብቆት ኖሯል። በጃፓን ተራሮች መንደሮች የጋራ ሣርና ደን የሚጠብቁበት «ኢሪያይ» የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው። ስለ ኢሪያይ በጃፓንኛ የተጻፈው ጥናት ብዙ ነው። ይህን ጥናት በምንጩ አንብቦ ከጓሳ ሥርዓት ጋር የሚያነጻጽር የመሐል ሜዳ ልጅ ቢገኝ፣ ሁለቱም ሕዝቦች ይጠቀማሉ።

እነርሱ ስለ እኛ፣ እኛ ስለ እነርሱ

ሚዛኑን ለማየት ሌላውን ጎን እንመልከት። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን አማርኛ ተምሮ፣ በመንዝ ተቀምጦ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተባለውን ጥናቱን አሳተመ። ከዓመታት በኋላም ኢትዮጵያንና ጃፓንን በሥልጣኔ ደረጃ የሚያነጻጽር ጽሑፍ ጻፈ። በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች መካከል ለዐሥርት ዓመታት እየኖሩ ስለ እንሰት፣ ስለ ከብት እርባታና ስለ ልማድ አጥንተዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ዐሥራ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተካሄደው በዚያችው በኪዮቶ ነበር። የቤጂንግ የውጭ ጥናቶች ዩኒቨርሲቲም አማርኛን ከሚያስተምራቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል።

የእኛስ? በሰሜን ሸዋ የተወለደው አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጎዳናዎች ላይ ሮጦ በሁለት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ድል ሲያደርግ የጃፓን ሕዝብ ስሙን እንደ ቤተሰብ ስም ያዘው። እግራችን ቶኪዮ ደርሷል፤ ብዕራችን ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

እርግጥ ነው፣ ነገሩ እንደ ቀድሞው አይደለም። ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊት ሪፐብሊክ በኅዳር 1963 ዓ.ም. ግንኙነት መሠረቱ። ከዚያ በኋላ በወረታና በወልዲያ መካከል የተሠራውን ጎዳና ሕዝቡ የቻይና መንገድ ብሎ ጠራው። በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ፣ በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ በ2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር መሥመር በቻይና ድርጅቶች ተገንብተው ተመረቁ። በ2000ዎቹ ዓመታትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ በዲግሪ ደረጃ ይሰጥ ጀመር፤ የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩትም ተከፈተ። ጃፓንኛ ከዚህ ጋር የሚመጣጠን ሥፍራ አላገኘም። በጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል ሄደው የተማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቢኖሩም የብዙዎቹ ትምህርት ምሕንድስና፣ ግብርና ወይም ሕክምና ነው።

ቻይንኛ የተማረው ወጣት ወዴት ይሄዳል? አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግንባታ ሥፍራና ወደ ፋብሪካ፣ በአስተርጓሚነት። ይህ ሥራ የተከበረ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ ወጣቱ ሥራ በማግኘቱም ማንም ሊያዝን አይገባም። በሠራተኛውና በአሠሪው መካከል የቆመ ጥሩ አስተርጓሚ የሰው እጅ በማሽን እንዳይቆረጥ፣ ደመወዝ በተሳሳተ ቃል እንዳይጎድል ያደርጋል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ አስተርጓሚ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ግማሽ ሥራውን ሠርቷል። ውል የሚተረጉም አለ፤ ውሉ የመጣበትን አገር ታሪክ፣ የገበሬውን ዐመፅ፣ የባለቅኔውን ኀዘን፣ የሊቁን ክርክር ከምንጩ ቀድቶ በአማርኛ የሚያቀርብስ?

ቋንቋ በሥራ ላይ ሲውል ምን ያህል ፈጠራ እንደሚወልድ ካይዘን አንድ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ቃል የማያውቅ ሠራተኛና መምህር ጥቂት ነው። ቃሉ በሁለት ምልክቶች ይጻፋል፤ አንዱ መለወጥ፣ ሌላው መልካም ማለት ነው። በጃፓንኛ ሁሉም በ«ሰ» ዘር ድምፅ የሚጀምሩትን አምስት የሥራ ቦታ መመሪያዎች የእኛ ተርጓሚዎች «አምስቱ ማዎች» ብለው፣ ሁሉንም በ«ማ» አስጀምረው በአማርኛ አቆሟቸው። ይህ ፍች ብቻ ሳይሆን ቅርጽም የተጠበቀበት ትርጉም ነው፤ ከብዙ የግጥም ትርጉሞቻችን የተሻለ የትርጉም ሥራ ነው ለማለት እንደፍራለን። የማይመሰገነው ጥበቡ በሥልጠና ወረቀት ላይ መቅረቱ ነው። ለመጋዘን አደረጃጀት የተደረገው ትጋት ለሥነ ጽሑፍ ሲደረግ አላየንም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሂስ ኅሩይንና ከበደ ሚካኤልን ለማሳነስ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ባልነበረ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ድንጋይ አኑረዋል። መርሐቤቴና መንዝ እነርሱን በመውለዳቸው ቢኮሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኩራት የሚጠበቅ ሐውልት ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ መምህራን እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ለተማሪዎቻቸው ቢያስነብቡ፣ ጎበዝ ተማሪ በእርግጥ ይጠይቃል፦ «ኅሩይ ቋንቋውን ቢያውቁ ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር?» ይህ ጥያቄ ከአንድ ዓመት ስብከት ይበልጣል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ቻይንኛንና ጃፓንኛን ሲያስተምሩ ሰዋስውን ከታሪክ፣ ታሪክን ከሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ጽሑፍን ከአካባቢ ባህል ሳይለያዩ ሊያስተምሩ ይገባል። ተመራቂው ከመውጣቱ በፊት አንድ አጭር ልብ ወለድ ወይም አንድ የታሪክ ምዕራፍ በቀጥታ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአገራችን ቋንቋ ቢመልስ፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ ኅሩይና ከበደ ሚካኤል ያላገኙት ቤተ መጻሕፍት ይቆማል። ለዚህ የሚያስፈልገው ታላቅ በጀት አይደለም፤ ተርጓሚውን የሚያርም መምህርና ሥራውን የሚያትም መጽሔት ነው። የኪነ ጥበብ ማኅበራት መጽሔቶችም ገጻቸውን ለዚህ ሊከፍቱ ይገባቸዋል።

የመርሐቤቴው መንገደኛ ብርሃን ለማየት ባሕር ተሻገሩ፤ ያዩትንም ሳይሰስቱ ነገሩን። የመንዙ መምህር ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ ጠየቁ። ሦስተኛው ሥራ ለዛሬው ትውልድ ቀርቷል፤ ይኸውም መብራቱን ይዞ ወደ ውስጥ መግባት፣ ብርሃኑንም ጥላውንም በገዛ ዓይን ማንበብ ነው። ያን ጊዜ ወዳጃችንን በግብዣው ሳይሆን በልቡ እናውቀዋለን፤ ከእንግዲህ በ1929 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሳናውቅ አንታለልም።